ዳክዬዋ ሳነቴ ላይ ምን ትሠራለች?

[የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ከድምፅ ሥር ይወርዳል]

የዛሬው ዝግጅት ስለ ወፎች ነው፤ በተለይም ተራራ ላይ፣ ማንም ባልጠበቀው ከፍታ ስለሚታዩ ወፎች።

በጥያቄ እንጀምር። ዳክዬ የት ትኖራለች? ሐይቅ ዳር፣ ወንዝ ዳር፣ ረግረግ ውስጥ ያላችሁ ሁሉ ልክ ናችሁ። ከፍታውስ ስንት ይሆናል? ዝዋይን፣ ሐዋሳን ወይም ጣናን የሚያውቅ ሰው «ሁለት ሺህ ሜትር አይሞላም» ቢል አይፈረድበትም። ሦስቱም ሐይቆች ከዚያ በታች ናቸው።

እስቲ አሁን ወደ ባሌ እንሂድ።

ከጎባ ተነስቶ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣል። ጥዱና ኮሶው እየሳሳ ይሄዳል፣ አስታው እያጠረ ይመጣል፣ በመጨረሻም ዛፍ የሚባል ነገር ይጠፋና ሳነቴ አምባ ላይ ይደረሳል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ቀን ፀሐዩ ፊት ይለበልባል፤ ሌሊት ውርጭ ይወርድና ሲነጋ የኩሬው ዳር ስስ በረዶ ጋግሮ ይገኛል። ከሣሩ መካከል ጅብራ ብቻውን ቆሞ ይታያል።

እዚያ ኩሬ ላይ ነው እንግዲህ ጥንድ ዳክዬዎች የሚዋኙት። ሰውነታቸው ቀላ ያለ ብርቱካናማ፣ ራሳቸው ነጣ ያለ ነው። ወንዱ በመራቢያው ወቅት አንገቱ ላይ ቀጭን ጥቁር ቀለበት ያወጣል። ብድግ ብለው ሲበሩ ክንፋቸው ላይ ሰፊ ነጭ ምልክት ብልጭ ይላል።

[የዳክዬ ድምፅ፤ ለጥቂት ሰከንድ]

የዚህች ቀይ ዳክዬ ዘመዶች የሚኖሩት ሩቅ ነው። በሰሜን አፍሪካ፣ በቱርክ፣ በመካከለኛው እስያ፣ በቲቤትና በቻይና ይራባሉ። ከሰሃራ በረሃ በስተ ደቡብ ግን ዓመቱን ሙሉ ኖራ የምትራባው እዚሁ በእኛ ደጋ፣ በባሌ ተራሮች ነው። ታዲያ ዳክዬዋ ሳነቴ ላይ ምን ትሠራለች? መንገድ ስታ ነው? ነፋስ ወስዷት ነው?

ሁለቱም አይደለም። ቤቷ ነው።

[ሙዚቃ፤ አጭር መሸጋገሪያ]

ለኢትዮጵያዊ ገበሬ ከፍታ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብሎ አገሩን ሲከፋፍል ኖሯል። ማሽላ የት እንደሚያቆም፣ ገብስ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። በግርድፉ አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ በተወጣ ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ወፎችም በዚሁ ሕግ ነው የሚኖሩት፤ ሕጉ ግን ከአገር አገር ቁጥሩን ይለውጣል። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡን፣ የዛሬው ዋና ነጥብ ይህ ነውና። ወፍ የምትመርጠው ሜትሩን ሳይሆን ብርዱን፣ ምግቡንና ጎጆ መሥሪያውን ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድና ቀስ ብለን እንየው።

በሰሜን ተራሮች ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው አንዳንዴ ከእግሩ በታች የሚበሩ ጥቁር ወፎች ያያል። «ቁራ ነው» ብሎ ሊያልፋቸው ይችላል። ግን ደህና አድርጎ ይመልከት። የአገራችን ትልቁ ቁራ ምንቃሩ ወፍራም ነው፤ ማጅራቱ ላይም ነጭ ምልክት አለው። እነዚህኞቹ ሁለመናቸው ጥቁር ሆኖ ምንቃራቸው ቀጭን፣ ወደ ታች ጎበጥ ያለና ደማቅ ቀይ ነው። እግራቸውም ቀይ ነው። ሲጮኹም ድምፃቸው ሳብ ያለና ስለታም ነው፤ የቁራን ሻካራ ጩኸት አይመስልም። ይህ ቀይ ምንቃር ያለው ቁራ በኢትዮጵያ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ይገኛል።

ምን ይበላል? መሬት ላይ ወርዶ በእግሩ እየተራመደ ነው የሚለቅመው። አጭር ሣር ያለበትን ቦታ ይመርጣል፣ ያንን ቀጭን ምንቃር ከሣሩ ሥር ይሰካና ትል፣ እጭ፣ ጥንዚዛ ያወጣል። የከብት ኩበት ካገኘ ገልብጦ ከሥሩ ያለውን ነፍሳት ይፈልጋል። ሣሩ ከረዘመ ግን ምንቃሩ አፈሩ ላይ አይደርስም፤ ስለዚህ እንስሳት የጋጡት መስክ ይስማማዋል። ጎጆውን የሚሠራው ደግሞ ገደል ውስጥ፣ የዓለት ስንጥቅ ፈልጎ ነው።

ይህንን ያዙልንና አሁን ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገር። በደቡብ ምዕራብ ጫፍ ኮርንዎል የሚባል አውራጃ አለ። እዚያ ገደሉ ቁልቁል የሚያየው ባሕር ነው። ከገደሉ አናት ላይ ከብትና ፈረስ የሚግጡት አጭር ሣር አለ። በዚያ ሣር ላይ የሚራመደው ወፍ ማን ይመስላችኋል? ራሱ ነው! ቀይ ምንቃሩ፣ ቀይ እግሩ፣ ያው ዝርያ። በሰሜን ተራሮች ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታየው ወፍ በኮርንዎል ከባሕሩ ማዕበል ጥቂት ከፍ ብሎ ይኖራል። እንዲያውም እዚያ ለብዙ ዓመታት ጠፍቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ራሱ በርሮ ተመለሰና የአካባቢው ሰዎች መስኩ በእንስሳት እንዲጋጥ እያደረጉ ይንከባከቡታል።

እንዴት ሆኖ ነው አንድ ወፍ በአንዱ አገር ባሕር ዳር፣ በሌላው አገር ሰማይ ጥግ የሚኖረው? መልሱን ከላይ ሰምታችሁታል። ሁለቱም ቦታ ገደል አለ። ሁለቱም ቦታ አጭር ሣር አለ። ሁለቱም ቦታ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። ወደ ሰሜን በተሄደ ቁጥር ብርዱ ወደ ታች ይወርዳልና እንግሊዝ ላይ ባሕሩ ዳር ድረስ ደርሷል። ለምድር ወገብ በሚቀርበው በእኛ አገር ግን ያንን ብርድ ለማግኘት ውርጭ ምድር ድረስ መውጣት ግድ ነው።

ወርቃማው ንስርም እንዲሁ ነው። በስኮትላንድ ኮረብቶች፣ በሞንጎሊያ ሜዳዎች፣ በሰሜን አሜሪካ ተራሮች የታወቀ አዳኝ ነው። ከሰሃራ በታች የሚራባው ግን ባሌ ላይ ነው፤ ይህም በጥናት በደንብ የተጻፈው በ20ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ሳነቴ ላይ ጥንቸል ያድናል። ሽኮኮ አሳዳጁ ጥቁር ንስርም በዚያው ተራራ ይኖራል።

[ሙዚቃ፤ አጭር መሸጋገሪያ]

አንድ ጥያቄ ይቀረናል። እነዚህ የብርድ አገር ወፎች ይህን ሁሉ በረሃ አቋርጠው እንዴት መጡ?

ወደ ኋላ፣ ወደ መጨረሻው የበረዶ ዘመን መሄድ ያስፈልጋል። ያኔ ምድር ዛሬ ካለችው በጣም ትቀዘቅዝ ነበር። የባሌ ተራሮች አናት በግግር በረዶ ተሸፍኖ ነበር፤ በረዶው ዓለቱን እየገፋ የሄደበት ምልክት ዛሬም ይታያል። ብርዱ ወደ ታች ሲወርድ ለብርድ አገር ወፎች የሚመቸው ምድር ሰፋ፤ ከሰሜን ተነስተው ወደ ደቡብ ለመዛመት ዕድል አገኙ። ከዚያ አየሩ እየሞቀ መጣ። ቆላው ሲሞቅባቸው ወደ ላይ ወጡ፤ ከዘመዶቻቸው ጋር የሚያገናኛቸው መንገድም ተዘጋ። ሳይንቲስቶች የሚሰጡት ማብራሪያ በአጭሩ ይህ ነው። የሳነቴ ዳክዬና የሰሜኑ ቀይ ምንቃር ቁራ ተራራው ላይ የቀሩ የጥንት ሰፋሪዎች ናቸው ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ በዚያ ዘመን ባሌ ላይ የወጡት ወፎች ብቻ አልነበሩም። ፊንቻ ሀበራ በሚባል የዓለት መጠለያ ውስጥ፣ 3,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ኖረውበት እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ምግባቸውስ ምን ነበር? ዛሬ ቀይ ቀበሮ የሚያድነውን የባሌውን ትልቅ ፍልፈል በእሳት እየጠበሱ ይበሉ ነበር። ሰውም እንደ ወፏ ሜትሩን ሳይሆን ቀለቡን ተከትሎ ወጥቷል።

[ሙዚቃ፤ ፈጠን ያለ፤ ቶሎ ይጠፋል]

እስካሁን የሰማችሁት ከፍ ብለው ስለሚኖሩ ወፎች ነው። መኖር አንድ ነገር ነው፤ ማለፍ ደግሞ ሌላ። ይህን ልዩነት አትርሱት፤ ወደ በኋላ ይጠቅማችኋል።

ኅዳር 20 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1973 መሆኑ ነው፣ በአይቮሪ ኮስት የያኔ ዋና ከተማ በአቢጃን ሰማይ ላይ የሚበር የመንገደኞች አውሮፕላን አንድ ነገር ገጨ። አንዱ ሞተር ተጎድቶ መጥፋት ነበረበት፤ ደግነቱ አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ። በሞተሩ ውስጥ የተገኙት ላባዎች ለምርመራ ወደ አሜሪካ ሙዚየም ሄዱ። የማን ላባ ሆኖ ተገኘ? የጥንብ አንሳ! አውሮፕላኑ ግጭቱ ሲደርስበት 11,300 ሜትር ገደማ ላይ ነበር። ከራስ ዳሽን ሁለት እጥፍ በላይ፣ ከኤቨረስት አናትም ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ማለት ነው። ወፍ ከታየባቸው ከፍታዎች ሁሉ እስከ ዛሬ ትልቁ ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው።

ይህ ጥንብ አንሳ ለአዲስ አበባ ሰው ባዕድ አይደለም። ቄራ አካባቢ ሰማዩ ላይ ክንፉን ዘርግቶ ሲዞር የሚታየው ጆፌ አሞራ ነው። የሳይንስ ስሙ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ጎንደርና ሰሜን ድረስ በመጣው ጀርመናዊ ተጓዥ በኤድዋርድ ሩፔል ስም ነው፤ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለዓለም ሳይንስ ያስመዘገበውም እሱ ነው። ወፉ ዛሬ በአፍሪካ ምድር እጅግ እየመነመነ ነው። ለጅብና ለአንበሳ ተብሎ ሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ ጆፌውንም ይፈጃል፤ ይህ ደግሞ በሰው እጅ ሊቆም የሚችል ጥፋት ነው።

ጆፌው እዚያ ላይ ምን ይበላ ነበር? ምንም። ከመሬት የሚነሳ ሞቃት አየር እያነሳው ወጥቶ ያልፍ ነበር እንጂ አይኖርበትም።

እዚያ ድረስ ወጥቶ መተንፈስ የቻለውስ በምን ኃይሉ ነው? ሰው ሲተነፍስ አየሩ በገባበት መንገድ ተመልሶ ይወጣል፤ አዲሱና ያገለገለው ሳምባ ውስጥ ይደባለቃሉ። የወፍ ሳምባ ከዚህ ይለያል። ወፍ በሰውነቷ ውስጥ የአየር ከረጢቶች አሏት፤ እነሱ እንደ አንጥረኛ ወናፍ አየሩን እየገፉ ሳምባው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ያሳልፉታል። ስለዚህ ወደ ውስጥም ስትስብ፣ ወደ ውጭም ስታስወጣ ሳምባዋ ንጹሕ አየር ያገኛል። በዚህ ላይ የጆፌው ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን በሳሳ አየር ውስጥ ኦክስጅን አጥብቆ የመያዝ ብቃት አለው።

ራሱ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ያለው የእስያ ዝይም በዚሁ ስጦታ የታወቀ ነው። ከሕንድ ተነስቶ የሂማላያን ተራሮች ተሻግሮ ይሄዳል። ተመራማሪዎች መከታተያ አስረውበት 7,290 ሜትር ላይ ሲያልፍ መዝግበውታል። ታዲያ አንዴ ወጥቶ ከላይ ከላይ የሚሄድ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ዝይው ሸለቆ ሲመጣ ይወርዳል፣ ጋራ ሲመጣ ይወጣል። በሳሳ አየር ውስጥ ክንፍ መምታት በጣም ያደክማልና መውረድና መውጣቱ ይቀልለዋል። ያቺ የሳነቴ ቀይ ዳክዬስ? የእስያ ዘመዶቿ በዚያው በሂማላያ 6,800 ሜትር ላይ ሲበሩ ተመዝግበዋል።

[ሙዚቃ፤ አጭር መሸጋገሪያ]

አሁን ደግሞ ሌላ ዓይነት ወፎች እንይ። የሚኖሩት ወይም የሚያልፉት ሳይሆኑ ከቀድሞ ቦታቸው እየተነሱ ያሉት። በእርግጥ ከሁሉም በላይ ልብ ልንላቸው የሚገባን እነዚህ ናቸው።

በደቡብ አሜሪካ ፔሩ ውስጥ ፓንቲያኮያ የሚባል በደን የተሸፈነ ተራራ አለ። ቁመቱ አንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእኛ ወይና ደጋም አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1985 አጥኚዎች ከግርጌው እስከ አናቱ የትኛው ወፍ በስንት ሜትር እንደሚኖር ጻፉ። በ2017 ሌሎች በዚያው ዱካ ተመልሰው ወጡ። ምን አገኙ? ሙቀቱ በግማሽ ዲግሪ እንኳ ባይጨምርም ወፎቹ በአብዛኛው ከፍ ብለው ሰፍረዋል። አናቱ ላይ ብቻ ይኖሩ ከነበሩት ደግሞ አንዳንዶቹ ከተራራው ጠፍተዋል። ለምን ጠፉ? ከአናት በላይ መሄጃ የለማ!

ጥያቄው ወደ እኛ ይመለሳል። የባሌ ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። የሳነቴ ወፍ ብርዱን ተከትሎ ከዚያ በላይ የት ይወጣል? እርሻውና ግጦሹስ ከታች እየገፋ ሲመጣ?

ሙቀት ወፍን እንዴት እንደሚያጥር በግልጽ የሚያሳየው ቦታ ደግሞ ቦረና ውስጥ ነው። በያቤሎና በሜጋ አካባቢ አመድማ ጀርባ ያለው፣ ዓይኑ ዙሪያውን ሰማያዊ ቆዳ የከበበው አንድ ወፍ አለ፤ የቁጥቋጦ ቁራ ይሉታል። በዓለም ላይ የሚኖረው እዚያ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ለሳይንስ ከታወቀ ጀምሮ ተመራማሪዎች አንድ እንቆቅልሽ ሲያስቸግራቸው ኖረ። ግራሩ ያው፣ ሣሩ ያው፣ አፈሩ ያው ሆኖ ሳለ ወፉ ከአንድ መስመር አያልፍም። ተራራ የለ፣ ወንዝ የለ። ምን ያዘው?

በ2012 መልሱ ተገኘ። ወፉ የሚኖርበት መሬት ከዙሪያው ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ20 ዲግሪ በታች ነው። ከመስመሩ ውጭ ሙቀቱ ይጨምራል። ኋላ ላይ ወፉን ቀን ቀን የተከታተሉ አጥኚዎች ይበልጥ ግልጽ የሚያደርግ ነገር አዩ። ፀሐዩ ሲበረታ ይህ ቁራ አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ መልቀሙን ትቶ ጥላ ይገባል። አጠገቡ ያሉ ሌሎች ወፎች ግን በዚያው ሙቀት ውስጥ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። አጥሩ ሙቀት ነበር።

[ሙዚቃ፤ ዝግ ብሎ ከንግግሩ ሥር ይቆያል]

እንግዲህ አድማጮች፣ ተራው የእናንተ ነው። ጋራ ላይ በግ የምትጠብቁ ልጆች፣ የሳነቴን መንገድ የምትመላለሱ ሾፌሮች፣ ሰሜን ላይ ቱሪስት የምታጅቡ አስጎብኚዎችና ስካውቶች፣ ማንም ሳያይ የምታዩት ወፍ ይኖራል። «ይህቺ እዚህ ምን ትሠራለች?» ካላችሁ ከመገረም አልፋችሁ ጻፉት።

ምን ይጻፍ? ቀኑና ሰዓቱ፣ የቦታው ስም፣ የወፉ መልክ። በተለይ ምንቃሩንና እግሩን ልብ በሉ፤ ቀይ ምንቃር ያለውን ቁራ ከተራው ቁራ የለየው እሱ አይደለም እንዴ? ከሁሉ በላይ ግን ወፉ ምን ያደርግ እንደነበር ጻፉ። እየበረረ አለፈ? መሬት ወርዶ ለቀመ? ለጎጆ የሚሆን ነገር በአፉ ያዘ? ጫጩት ይመግብ ነበር? ወፉ አላፊ ይሁን ነዋሪ የሚታወቀው በዚህ ነው። ጎጆ ካገኛችሁ ግን ከሩቅ እዩት፤ እናቲቱ ከተነሳች ውርጩ እንቁላሉን ይገድለዋል።

ከፍታውን ስልካችሁ ሊነግራችሁ ይችላል። ይሁንና የስልክ መለኪያ በብዙ አስር ሜትሮች ሊሳሳት ስለሚችል ከቁጥሩ ጎን በቅርብ ያለውን መንደር፣ ድልድይ ወይም ኮረብታ ስሙን አስፍሩ። ፎቶ ካነሳችሁ ዙሪያው ያለውን ዕፅዋትም አስገቡበት። ጅብራ ነው? አስታ ነው? የገብስ ማሳ ነው? ያያችሁትን ወፍ ወደ ዝግጅት ክፍላችን ጻፉልን፤ በመጪዎቹ ሳምንታት ደብዳቤዎቻችሁን ከባለሙያ ጋር ሆነን በአየር ላይ እናነባቸዋለን።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]